የጋሽ ቮልት ተከራይ

ይህን ሰው አውቀዋለሁ ብዬ አፌን ሞልቼ መናገር አልችልም። አራት ወይም አምስት ጊዜ አይቼው ይሆናል፤ ከዚያም ሁለቱን ጊዜ ያየሁት ጀርባውን ነው፤ መሰላል ላይ ወጥቶ የጣሪያ መብራት ሲቀይር። ከሚስቱ ጋር ግን ለዓመታት በአንድ መጋረጃ ቤት፣ ማሽን ለማሽን ገጥመን ሰፍተናል። የምጽፈውም አብዛኛው እሷ የነገረችኝ ነው። እሷም ብትሆን ሁሉን ታውቃለች ማለት አይደለም። ሃያ ሁለት ዓመት አብራው ኖራ ስለ ባሏ አንድ የማታውቀው ነገር አለ፤ ሌላው ሁሉ የተንጠለጠለው ደግሞ በዚያው ላይ ነው። ቢጎድል አትፍረዱብኝ።

በሚሠራበት ሆስፒታል በስሙ የሚጠራው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ «ጋሽ ቮልት» ነው የሚለው። የጥገና ክፍል ኤሌክትሪሺያን ነው። ክፍሉ ከልብስ ማጠቢያው ጎን፣ ምድር ቤት ነው፤ ማጠቢያዎቹ ሲሽከረከሩ ጠረጴዛው ላይ ያሉት ብሎኖች ሁሉ አብረው ይንቀጠቀጣሉ። በሆስፒታሉ ውስጥ የሚሰካ ነገር በሙሉ፣ የፈሳሽ መምጠጫው፣ የልብ መከታተያው፣ ያለ ቀናቸው የተወለዱ ሕፃናት የሚተኙበት ማሞቂያ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ በእጁ ያልፋል። ከፈተሸው በኋላ ጎኑ ላይ ትንሽ ቢጫ ወረቀት ለጥፎ፣ ቀኑን ጽፎ ይፈርማል። ካልፈረመ አልፈረመም ነው። የክፍሉ ኃላፊ ቢቆጣ፣ ሐኪሙ ቢለምን፣ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ማሽኑን በጋሪ እየገፋ ወደ ምድር ቤቱ ይወርዳል።

«ጋሽ ቮልት፣ እኔንም ፈትሽና ወረቀት ለጥፍልኝ» አለችው አንዲት ነርስ አንድ ቀን፣ ሌሎቹን ለማሳቅ።

«የአንቺ ዋስትና አልፏል» አላት፣ ከሚፈታው ብሎን ቀና ሳይል።

እንዲህ ነው፤ ነገር አያበዛም። ሚስቱ እንደምትለው ከሠርጋቸው ቀን ጀምሮ የተናገረው ተሰብስቦ ቢጻፍ አንድ ደብተር አይሞላም።

ቤታቸው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሁለት መኝታ፣ ከወጥ ቤቱ ጋር የተያያዘ ሳሎን፣ በመንገዱ በኩል ሁለት ወንበር የማያስቀምጥ በረንዳ። በሃያ ዓመት የባንክ ብድር የገዙት ነው፤ ካርታው ባንክ፣ ቁልፉ እነሱ ዘንድ። «እኛ ከፍተን እንገባለን፤ መዝጋት ሲያምረው ባንኩ ይዘጋዋል» ትል ነበር ሚስቱ፣ ያን ጊዜ ለቀልድ።

በገቡ በሁለተኛው ሳምንት ጋሽ ቮልት ራሱ ገዝቶ፣ ራሱ ግድግዳ በስቶ የውሃ ማሞቂያ ሰቀለ። አንድ ነገር ግን ቀረው፤ የመሬት ሽቦ። ማሞቂያው አንድ ቀን ተሰንጥቆ ኤሌክትሪኩ ወደ ውሃው ቢያፈተልክ፣ በሰው ገላ ከማለፉ በፊት ጠልፎ ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ ማለት ነው። ሕንፃውን የሠሩት ሰዎች ወደ መታጠቢያ ቤቱ አልዘረጉትም ነበር። ለመዘርጋት ከቆጣሪው ሳጥን ጀምሮ ግድግዳውን መቦርቦር፣ የመታጠቢያ ቤቱንም ሴራሚክ ከላይ እስከ ታች መስበር ያስፈልጋል። ሴራሚኩን ደግሞ የመረጠችው ሚስቱ ናት፤ ሰማያዊ፣ ጠርዙ ላይ ነጭ መስመር ያለው፤ አራት ሱቅ ዞራ፣ በአምስተኛው ሻጩን ላብ በላብ እስኪሆን ተከራክራ የገዛችው።

«ገና አይቼ ሳልጠግበው!» አለችው መዶሻውን ስታይ። «ቢያንስ አንድ ዓመት ልየው።»

መዶሻውን አስቀመጠ። በምትኩ ከመታጠቢያ ቤቱ በር ውጪ ማሞቂያው ሲበራ ቀይ መብራት የሚያሳይ ማጥፊያ ተከለ። ሕግም አወጣ፤ ቀዩ ሳይጠፋ ማንም ውሃ ሥር አይገባም። ልጆቹ ወዲያው ለመዱት። የመታጠቢያ ቤቱ በር በተዘጋ ቁጥር ከሳሎን «ቀዩ ጠፍቷል?» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ከውስጥም «ጠፍቷል!» የሚል ይመለሳል። እንግዳ ቢሆንም ያው ነው። አንድ ጊዜ አማቱ ረስተው ሊገቡ ሲሉ ክንዳቸውን አፈፍ ቢያደርጋቸው «ሰው እንደ ሌባ ይያዛል ወይ?» ብለው ሳምንት ሙሉ አኩርፈውታል።

ዓመቱ አለፈ፤ ሁለት ሆነ፤ ስድስት ሆነ። የሰው ቤት ቢሆን ኖሮ ጋሽ ቮልት ያንን ማሞቂያ አንድ ቀን አያሳድረውም ነበር። የራሱ ቤት ሲሆን ግን አደጋውን በየቀኑ ስለሚያውቀው፣ እንደ ቤተሰብ ለመደው።

በሰባተኛው ዓመት ሆስፒታሉ የትርፍ ሰዓት ክፍያ አቆመ። መጋረጃ ቤቱም ሥራ ቀዝቅዞ እኛን ሰፊዎቹን በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ያስገባን ጀመር። እነ ጋሽ ቮልት ለባንኩ ሁለት ወር ሳይከፍሉ ቀሩ። ባልና ሚስቱ ተነጋግረው አንድ መላ ላይ ደረሱ፤ እነሱ ከልጆቹ ጋር ወደ አማቱ ጓሮ ክፍሎች ይገባሉ፤ ቤቱ ይከራያል፤ ኪራዩ ለባንኩ ይሄዳል። ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው።

ጋሽ ቮልት ግን ያለ ወረቀት ነገር የማይሆንለት ሰው ስለሆነ በመጀመሪያ ባንክ ሄደ። የብድር ክፍሉ ሠራተኛ ጨዋ ወጣት ነበር። ፋይሉን አውጥቶ፣ የውሉን አንቀጽ በጣቱ እየተከተለ አነበበለት።

«ብድሩ በዚህ ወለድ የተሰጠዎት ራስዎ ስለሚኖሩበት ነው። ለማከራየት መጀመሪያ ማመልከቻ ያስገባሉ፤ ባንኩ በጽሑፍ ይፈቅዳል። ወለዱ ትንሽ ከፍ ይላል። የቤቱ ኢንሹራንስ ‹ባለቤቱ የሚኖርበት› ስለሚል ‹የሚከራይ› ወደሚለው ይቀየራል፤ አለበለዚያ አንድ ነገር ቢደርስ አይከፍሉዎትም። የኪራይ ውሉ ይመዘገባል፤ ግብር ይከፈልበታል። የውሃና የኤሌክትሪክ መስመሩንም ፈቃድ ያለው ባለሙያ ፈትሾ ይፈርማል።»

«ፈቃድ ያለኝ ኤሌክትሪሺያን ነኝ።»

«በራስዎ ቤት ላይ ግን መፈረም አይችሉም።»

«ለምን?»

ወጣቱ ፈገግ አለ። «ሰው ለራሱ ሲፈርም እጁ ቀላል ይሆናላ፣ አባባ።»

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«ሁለት ወር። ቢበዛ ሦስት።»

«እስከዚያ ክፍያው?»

«ክፍያውማ ፈቃድ አይጠብቅም።»

ከባንክ መጥቶ ለሚስቱ የነገራት «ወረቀቱ ብዙ ነው» ብሎ ብቻ ነው። ስለ ፍተሻው የነገራት በኋላ፣ ጎትጉታ ስታወጣው ነው። የትኛውም ፈታሽ ቢመጣ ማሞቂያውን አይቶ የሚለውን ጋሽ ቮልት አሳምሮ ያውቀዋል፤ ራሱ ስንት ሰው ፊት ብሎታልና። «ሳትሰብሩ አልፈርምም» ይላል። ለመስበር ደግሞ ገንዘቡ የለም።

መላውን ያመጣችው ሚስቱ ናት። ይህንን ስትነግረኝ መቀሱን አስቀምጣ፣ ዓይኔን እያየች ነው የነገረችኝ፤ በሌላ ሰው ላይ እንዳላላክከው የፈለገች ይመስለኛል።

«ዘመድ ማስቀመጥ እኮ ማከራየት አይደለም» አለችው። «የወንድሜ ልጅ ናት ብትል ማን ደም ይመረምራል?»

«ወንድም የለኝም።»

«ባንኩ ይህን አያውቅማ!»

ተከራይዋን ያገኘችውም እሷው ናት። ከመጋረጃ ቤቱ ማዶ ባለችው ፎቶኮፒ ቤት የምትሠራ፣ ቀልጣፋ፣ ጣቶቿ ሁልጊዜ ቀለም የነካቸው ወጣት ሴት ነበረች። ነገሩን ስትነግራት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «ቤት ስፈልግ አጎት አገኘሁ በሉኛ! ውርስም አለው?» የውል ወረቀቱን ራሷ ጻፈችው፤ ወርሃዊው ኪራይ፣ የሚከፈልበት ቀን፣ ሁለቱም ወገኖች ተስማምተዋል፣ አለቀ። በራሷ ማሽን ሦስት ቅጂ አነሳችው። «ይሄ በነፃ ነው፤ የሥጋ ዘመድ ስለሆንን» አለች። ስለ ማሞቂያው፣ ስለ ሽቦው፣ ስለ ማጥፊያው ወረቀቱ ላይ አንድም ቃል የለም።

የቁልፍ ርክክቡ ቀን ቅዳሜ ነበር። ሚስቲቱ ታች ጎዳና ላይ ከጫኞቹ ጋር በቁም ሳጥኑ ምክንያት ትጨቃጨቅ ነበር፤ በደረጃው ሲወርድ በሩን ሰንጥቀውታል። ጋሽ ቮልት ላይ፣ ከተከራይዋ ጋር ብቻውን ነበር። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆዩ። ከዚያ ተያይዘው ወረዱ፤ እሷ ቁልፉን በጣቷ እያሽከረከረች ትስቃለች፤ እሱ አዲስ ሸሚዝ የለበሰ ይመስል ደረቱን ቀጥ አድርጓል። ያንን ግማሽ ሰዓት ከሁለቱ በቀር የሰማው የለም።

አራት ወር በሰላም አለፈ። ኪራዩ በቀኑ ይመጣል፤ በማግስቱ ባንክ ይገባል። በየወሩ መጨረሻ ጋሽ ቮልት ብቅ ብሎ ቧንቧ ያጠብቃል፤ መብራት ይቀይራል። ጥበቃው «የወንድምዎ ልጅ እንዴት ጨዋ ናት!» ይለዋል። እሱም ራሱን ይነቀንቃል፤ መዋሸት ስለማይሆንለት አፉን አይከፍትም። የዓመት ዕረፍቱን ሲወጣ ሴራሚኩን ሰብሮ ሽቦውን ሊዘረጋ አስቦ፣ ሃያ ሜትር ሽቦ ገዝቶ አልጋ ሥር አስቀምጦ ነበር። ሚስቱም ይህን ጊዜ ስለ ሰማያዊው ሴራሚክ ቃል አልተነፈሰችም።

በአምስተኛው ወር የተከራይዋ እናት ጉልበታቸውን ሊታከሙ ከሩቅ መጡ። ተከራይዋ ለሚስቲቱ ነገረቻት፤ ሚስቲቱም ለባሏ።

«ስንት ቀን ይቆያሉ?» አለ።

«እኔ ምን አውቄ። እስኪድኑ ይሆናላ።»

«አንድ ጊዜ ብቅ እላለሁ» አለ።

ያን ሰሞን ሆስፒታሉ አዲስ የቀዶ ሕክምና ክፍል ሊከፍት ነበር። ሠላሳ አንድ ማሽን ተደርድሮ ፊርማውን ይጠብቃል። ዘጠኝ ቀን ወጥቶ ሲገባ እግሩ ወደዚያ አልደረሰም። ሁሉንም ፈትሾ ሁሉም ላይ ቢጫ ወረቀቱን ለጥፏል፤ አንዱንም አላለፈም።

በአሥረኛው ቀን፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ምድር ቤት እያለ ስልኩ ጮኸ። ጥበቃው ነበር።

«ጋሼ፣ ቶሎ ይድረሱ! የወንድምዎ ሚስት መታጠቢያ ቤት ሳይወድቁ አልቀሩም! ውሃው በደረጃ እየወረደ ነው፤ ልጅቷ ሥራ ናት፤ በሩ ደግሞ…»

«ማን?» አለ ጋሽ ቮልት።

«የወንድምዎ ሚስት! የልጅቷ እናት!»

አብሮት የሚሠራው ረዳት መካኒክ ለሚስቱ እንደነገራት፣ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ መሣሪያውን ሳያነሳ ወጣ። ያለ መሣሪያ ከዚያ ክፍል ሲወጣ ታይቶ አያውቅም።

ሲደርስ ሰዎች በሩን ሰብረው ገብተዋል፤ የታች ቤቱ ጎረቤት ውሃው ላይ ቆሞ ሊያነሳቸው ጎንበስ ሲል ነበር። «እንዳትነካ!» ብሎ ጮኸ። ዋናውን ብሬከር አውርዶ የቤቱን መብራት ቆረጠ። ከዚያ እናትየዋን በራሱ እጅ ፎጣ አልብሶ አወጣቸው። ወደሚሠራበት ሆስፒታል ወሰዳቸው፤ ቅርቡ እሱ ነበርና። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ሐኪሙ ከማሽኑ ጋር አገናኛቸው፤ መስመሩ ቀጥ ብሎ ቀረ። «ብዙ ቆይተዋል» አለ ሐኪሙ። ጋሽ ቮልት የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው ይላሉ። «ማሽኑ ይሠራል ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ማሽኑ ላይ የራሱ ፊርማ ነበር።

ከዚያ በኋላ ደብዳቤ በደብዳቤ ላይ ይመጣ ጀመር። የኤሌክትሪክ መርማሪው ማሞቂያው ውስጡ መሰንጠቁን፣ የመሬት ሽቦ እንደሌለው፣ የሰቀለው ባለቤቱ ራሱ መሆኑን ጻፈ። ኢንሹራንሱ ባለቤቱ የሚኖርበት የተባለው ቤት ሳይነገረው ስለተከራየ እንደማይመለከተው በግማሽ ገጽ ገለጸ። ባንኩ ውሉ ስለፈረሰ ቀሪው ብድር በሙሉ በሠላሳ ቀን እንዲከፈለው፣ ካልሆነ ቤቱን እንደሚሸጥ አስታወቀ። ሆስፒታሉ ከሥራ አገደው። ዐቃቤ ሕጉ በቸልተኝነት ሰው በመግደል ከሰሰው። ተከራይዋም ጠበቃ ያዘች፤ ስለ እናቷ ካሳ ትጠይቃለች።

የጋሽ ቮልት ጠበቃ የሚስቱ አክስት ልጅ ነው፤ ገንዘብ አልተቀበላቸውም፤ ምላሱ ግን ያስከፍላል። አማቱ ቤት መጥቶ፣ ወረቀቶቹን አልጋው ላይ ዘርግቶ፣ ሁለቱንም አስቀመጣቸው።

«ጋሼ፣ ስማኝ። ወለዱንም ግብሩንም ኢንሹራንሱንም ተወው፤ እዚያ ላይ ተሸንፈናል፤ ያለ ፈቃድ አከራይታችኋል፣ በዚያ ላይ የሌለ ወንድም ወልዳችኋል። የቀረን አንድ ጥያቄ ነው። ቁልፍ ስትሰጣት ስለ ማጥፊያው ነግረሃታል?»

ጋሽ ቮልት አልጋው ላይ የተዘረጉትን ወረቀቶች ጠርዝ ለጠርዝ ያስተካክል ጀመር።

«ነግረሃት ከሆነ ጥፋቱ ይካፈላል። አስጠንቅቀሃል፤ እሷ ለእናቷ ማስተላለፍ ነበረባት። ቅጣቱ ይቀላል፤ ምናልባት ሳትታሰር ታልፋለህ። ካሳውም ይቀንሳል፤ በቀረው ባንኩን ለምነን ቤቱን ማትረፍ እንችላለን። ካልነገርካት ግን ሁሉም ያንተ ነው፤ ቤቱም ይሄዳል፣ አንተም ትሄዳለህ። እሺ፣ ነግረሃታል?»

«ሽቦውን ያልዘረጋሁት እኔ ነኝ።»

«እሱን አልጠየቅኩህም!»

«የምመልሰው እሱን ነው።»

ጠበቃው ወደ ሚስቲቱ ዞረ። «ይሄ ሰውዬ ቤት ውስጥም እንዲህ ነው?»

«ቤት ውስጥማ ይብሳል» አለች። ልትስቅ ፈልጋ እንባዋ ቀደማት።

«ልጅቷ ምን አለች?» አለች ቆይታ።

«አላስታውስም ነው የምትለው። ቃሏ ላይ አስፍራዋለች። ስለ መስኮቱ መቆለፊያ ነግሮኛል፣ ስለ ውሃ ቆጣሪው ነግሮኛል፣ ስለ ላይኛው ፎቅ ጫጫታ ነግሮኛል፤ ስለ ማጥፊያው ግን አላስታውስም። አልነገረኝም አላለችም። ገባሽ? ፍርድ ቤት ‹ነግሬአታለሁ› ቢል የሚያስተባብለው ሰው የለም። አንዲት ቃል ናት!»

የፖሊስ መርማሪውም ሦስት ጊዜ ጠይቆት ነበር፤ ሦስቴም ያው መልስ ነው የተጻፈው፤ «ሽቦውን ያልዘረጋሁት እኔ ነኝ።»

ጠበቃው ከሄደ በኋላ ሚስቱ አጠገቡ ተቀመጠች። ጓሮው ክፍል ጠባብ ስለሆነ ሁለት ሰው ሲቀመጥ ጉልበት ለጉልበት ይነካካል።

«በልጆቼ ሞት፣ ለእኔ ብቻ ንገረኝ» አለችው። «ነግረሃታል?»

«ምን ይጠቅምሻል?»

«አንተን አውቅበታለሁ።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። እሷ እንዳለችኝ፣ ያን ጊዜ ሁለት ሐሳብ እየተፈራረቀ ሲያሠቃያት ሰነበተ። ነግሯት ከሆነ፣ ዝም የሚለው ልጅቷ እናቴን የገደልኩት እኔ ነኝ ብላ እንዳትኖር ነው፤ እንዲህ ከሆነ የተቀመጠችው ከማታውቀው ትልቅ ሰው አጠገብ ነው። ሳይነግራት ቀርቶ ከሆነ ደግሞ፣ ዝም የሚለው ‹አልነገርኳትም› የምትለው ቃል ከአፉ አልወጣ ብላው ነው፤ በሰው ቤት ያን ሁሉ ሰው ሲያስጠነቅቅ የኖረ ሰው፣ ኪራይዋን እንዳታስቀርበት ሲል ተከራይዋ ፊት ምላሱን ዋጠ ማለት ነው። ውጪ ሆኖ ለሚያየው ሁለቱም ዝምታ አንድ ነው። አንዳንድ ቀን በአንዱ ታምናለች፤ ሳህን ስታጥብ በሌላው።

«በቃ ነግሬአታለሁ በል» አለችው አንድ ጠዋት፣ ሳያስቡት እንደሚወጣ ነገር። «ብትነግራትም ባትነግራትም። ልጆቹን እይ።»

እሱም ቀና ብሎ አያት። ዓይኑ ውስጥ ቁጣ የለም። «ከዚያስ ልጅቷ የት ትግባ?» አላት።

ከዚያ ወዲህ አልደገመችውም።

ችሎቱ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ የግቢው በር ተንኳኳ። ተከራይዋ ነበረች። ከስታለች፤ ልብሷ ትከሻዋ ላይ የሌላ ሰው ይመስላል። ሚስቲቱ በሩን በእጇ ያዘች።

«የኔ ልጅ፣ መምጣትሽ ጥሩ አይደለም። ጠበቃሽም ጠበቃችንም አትገናኙ ብለዋል።»

«ጠበቃዬ አያውቅም» አለች። «ስለ ክሱ አይደለም የመጣሁት። አንድ ነገር ጠይቄያቸው እመለሳለሁ።»

ሚስቲቱ ልትመልሳት ነበር። ግን አንጀቷ አልቻለም፤ በሩን ለቀቀችው።

ጋሽ ቮልት ጓሮ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የአማቱን ካውያ ፈትቶ ገመዱን እየቀየረ ነበር። ከሥራ ከታገደ ወዲህ የሰፈሩ ሰው የተበላሸ ዕቃውን አያመጣለትም፤ የሚፈታው የቤቱን ነው። ልጅቷን ሲያይ ሊነሳ ሞከረ። እሷ ቀድማው ከፊቱ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠች። ሚስቲቱ በሩ ላይ ቆመች።

ጋሽ ቮልት «እግዜር ያጽናሽ» ሊል አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው።

«እኔ ሁልጊዜ አጠፋው ነበር» አለች ልጅቷ። ድምፅዋ ቀስ ያለ ነው፤ ብዙ ጊዜ ለብቻዋ ያጠናችው ይመስላል። «ያንን ቀይ መብራት። አራት ወር ሙሉ፣ አንድ ቀን ሳላጠፋ ገብቼ አላውቅም። ውሃው ይሞቃል፣ አጠፋለሁ፣ እገባለሁ። እጄ ለምዶታል። እናቴ ስትመጣ ግን አልነገርኳትም። ማሞቂያው እዚህ ጋ ይበራል ብዬ አሳየኋት። ማብራቱን አሳየኋት፤ ስትገቢ አጥፊው አላልኳትም።»

ጋሽ ቮልት ካውያውን ጉልበቱ ላይ እንደያዘ ያዳምጣታል።

«ሰው አልገደልሽም፣ የኔ ልጅ» አለች ሚስቲቱ ከበሩ።

«ይቆዩኝ፣ እማማ። ልጨርስ።» ዓይኗን ከእሱ ላይ አላነሳችም። «ለምን አጠፋው እንደነበር ነው የጠፋብኝ። ሌሊት ሌሊት ከራሴ ጋር ስሟገት ነው የማድረው። እኔ ቆጣሪ እፈራለሁ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ መብራት ማጥፋት ነው የተማርኩት፤ የማልገባበት ክፍል መብራት ሲበራ ያመኛል። ለቆጣሪው ብዬ ይሆናል ያጠፋሁት። ያን ቅዳሜ ደግሞ ብዙ ነገር ነግረውኛል፤ እኔም ቤት በማግኘቴ ደስ ብሎኝ ግማሹን አልሰማሁም፤ ስለ መጋረጃው ቀለም ነበር የማስበው። ኮሪደሩ ላይ ቆመን እንደነበር አስታውሳለሁ። እጅዎ ግድግዳው ላይ ነበር። አፍዎ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል፤ ቃሉ ግን አይመጣልኝም።»

አቆመች። ቀለም የለቀቃቸውን ጣቶቿን አገጣጠመች።

«ለፍርድ ቤት አልናገረውም። ከፈለጉ ክሱን ዛሬ አነሳዋለሁ። ለራሴ ነው። ነግረውኝ ነው አጠፋው የነበረው? ነግረውኝ ረስቼ ነው እናቴን ያላስጠነቀቅኳት?»

ሚስቲቱ በሩን አጥብቃ ያዘች። መልሱን ከልጅቷ ይልቅ እሷ የምትጠብቀው ይመስላት ነበር፤ ሃያ ሁለት ዓመቷ፣ ቤቷ፣ የልጆቿ አባት፣ ሁሉም እዚያ በርጩማ ላይ ተቀምጧል።

ጋሽ ቮልት ብሎን መፍቻውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ልጅቷን ትኩር ብሎ አያት፤ ቆይቶ፣ በዝግታ ራሱን ነቀነቀ፤ አዎም አይደለምም በማይባል አነቃነቅ።

«እሱን አትጠይቂኝ» አላት።